«ሁሉም ጆንስ ነው፣ የቀረው ተቃጥሏል» ላለችን እህት

ጥያቄ፦ «የምኖረው ካርዲፍ ነው። ባለቤቴ እዚሁ ተወልዶ ያደገ ነው። በአባቱ በኩል ጆንስ ናቸው። ቅድመ አያቱ ሮንዳ ሸለቆ ውስጥ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ ነበሩ ይባላል። በእናቱ በኩል ደግሞ ሱሊቫን የሚባሉ አየርላንዳውያን አሉ። ሴት ቅድመ አያቱ በ1888 ገደማ ተወልደው፣ በወጣትነታቸው ለቤት ሠራተኛነት ካርዲፍ መጥተው፣ በ1911 ገደማ እዚሁ አገቡ። ‘ከኮርክ ነበሩ’ ከማለት ያለፈ የሚያውቅ የለም። አማቴ ሲያርፉ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ሙሉ አሮጌ ፎቶ ተረከብን። አብዛኛው ጀርባው ላይ ምንም የለውም። ሦስቱን በስልኬ አንስቼ ልኬያለሁ። ልጆቼ በእኔ በኩል እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ፤ በአባታቸው ግን ከአያት አያልፉም። ስሞክር ጆንስ የሚባል ሰው ሺህ ነው። የአየርላንዱ መዝገብ ደግሞ ሁሉም ተቃጥሏል አሉኝ። የባለቤቴ አክስት ስዋንዚ አሉ፤ 90 ሊሞላቸው ነው። ከየት ልጀምር?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ሁለቱን ስጋትሽን ላቅልልሽ። ጆንስ የሚለው ስም ብቻውን የትም አያደርስም፤ ልክ ነሽ። ስምን ብቻውን ይዞ የሚፈልግ ግን የለም። የአየርላንድም መዝገብ ብዙው ጠፍቷል። «ሁሉም» የሚሉሽን ግን አትስሚያቸው። አንቺን የሚመለከተው አብዛኛው ዛሬም አለ፤ ያውም በነጻ የሚታይ ነው።

በሁለቱም አገር የምትፈልጊው ነገር አንድ ነው፤ ቦታ። የቱ እርሻ፣ የቱ ጎዳና፣ የቱ አጥቢያ፣ የቱ ጸሎት ቤት? ስሙ ከቦታው ጋር ሲገጥም ሰውየው ከሺህ ጆንሶች መሀል ብቅ ይላል። ቦታው ካልታወቀ ግን ስሙ ምንም ያህል ቢያምር የሰው አያት ይዘሽ ትመለሻለሽ። (ዓመቶቹንና ቀኖቹን የምጽፈው በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። መዝገቦቹ ላይ የምታገኚውም እሱኑ ነው።)

ከኢንተርኔቱ በፊት ስዋንዚ ሂጂ። ዛሬ ነገ አትበይ። መዝገብ ይጠብቃል፤ የ90 ዓመት ሰው ግን አይጠብቅም። ቆርቆሮውን ይዘሽ ሂጂና ፎቶዎቹን አንድ በአንድ እጃቸው ላይ አድርጊ። «ይሄ ማነው?» ብቻ ብለሽ አትለፊ፤ ሰው ስም ይረሳል። «ሠርጉ የት ቤተ ክርስቲያን ነበር? የክርስትና እናትሽ ማን ነበሩ? ከአየርላንድ ደብዳቤ የሚልከው ማን ነበር? አሜሪካ የሄደ ዘመድ ነበር? በእረፍት ወዴት ነበር የምትሄዱት?» እያልሽ ጠይቂ። ስልክሽን አስፈቅደሽ ቅጂ። ዕድሜ የጠገበ ሰው ዓመተ ምሕረት ያምታታል፤ የሰፈርና የቤት ስም ግን እምብዛም አይስትም። አንቺ ደግሞ የምትፈልጊው እሱን ነው።

ከዚያ ወደ ወረቀቱ። ሕጉ ቀላል ነው፤ ከሚታወቀው ወደማይታወቀው፣ ትውልድ ሳትዘይ ወደ ኋላ። ከባለቤትሽ የልደት ወረቀት ተነሺ። ከዚያ የወላጆቹ ጋብቻ፣ ከዚያ የወላጆቹ ልደት፣ ከዚያ የአያቶቹ ጋብቻ እያልሽ ትወጫለሽ። ኮርክ ላይ ዘለሽ «ሱሊቫን» ብለሽ ከጀመርሽ ግን መውጫ የሌለው ጫካ ውስጥ ገባሽ ማለት ነው።

በእንግሊዝና በዌልስ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው ሐምሌ 1 ቀን 1837 ነው። የልደት ወረቀት የእናትየውን ከጋብቻ በፊት የነበረ ስም ይይዛል። በመንግሥት መዝጋቢው መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ያለው ማውጫም በዚሁ የእናት ስም መፈለግ ያስችላል። ለጆንስ ቤተሰብ ይሄ ትልቅ እፎይታ ነው። አባት ጆንስ፣ እናት ዴቪስ ከሆኑ አሁንም ብዙ ነው። እናትየው ግን እምብዛም የማይገጥም ስም ካላቸው በአንድ ቀን የልጆቹን ሁሉ ዝርዝር ልታገኚ ትችያለሽ።

ከሁሉም የምወደው የጋብቻ ወረቀት ነው። የሙሽራውና የሙሽሪት አድራሻ፣ ሥራ፣ የሁለቱም አባቶች ስምና ሥራ፣ ሁለት ምስክሮች፣ የተጋቡበት ቤተ ክርስቲያን፤ ሁሉም አንድ ገጽ ላይ ነው። የእናቶች ስም የገባው ገና በ2021 ስለሆነ አሮጌው ላይ አትጠብቂ። ዕድሜ የሚለው ቦታ ላይ ከቁጥር ይልቅ «ለአካለ መጠን የደረሰ» የሚል ጽሑፍ ካገኘሽ 21 ዓመት ሞልቶታል ማለት ብቻ ነው። 22ም 50ም ሊሆን ይችላል። ምስክሮቹን ደግሞ እንዳትዘያቸው። ብዙ ጊዜ እህት፣ ወንድም ወይም የአገር ልጅ ናቸው። ለአየርላንዱ ወገን መንገዱን የሚከፍቱልሽ እነሱ ሊሆኑ ይችላሉ።

ወረቀቶቹን ከሕዝብ ቆጠራ ጋር አጋጥሚ። ከ1841 እስከ 1921 በየ10 ዓመቱ ያለው ለሕዝብ ክፍት ነው። የ1931ዱ በ1942 በእሳት ወድሟል። በ1941 በጦርነቱ ምክንያት ቆጠራ አልተካሄደም። ክፍተቱን በከፊል የሚሞላው መስከረም 29 ቀን 1939 የተካሄደው ምዝገባ ነው፤ የልደት ቀን ጭምር አለው። የ1911ዱን በተለይ ቀስ ብለሽ አንብቢ። ያገቡ ሴቶች ስንት ዓመት በትዳር እንደቆዩ፣ ስንት ልጅ እንደወለዱና ስንቱ በሕይወት እንዳለ ይላል። 7 ወልደው 5 ካሉ፣ ማንም ያላነሳቸው ሁለት ልጆች አሉ ማለት ነው። የከሰል ሸለቆ ቤቶች ውስጥ ይሄ ብርቅ አልነበረም።

አሁን ወደ ሮንዳ። ሮንዳ ድንገት ያበጠ አገር ነው። በ1851 ነዋሪው ከ2,000 ያንስ ነበር፤ በ1911 ከ150,000 በላይ ሆነ። ስለዚህ የባለቤትሽ ቅድመ አያት ሮንዳ ቢሠሩም ዘራቸው ከሮንዳ የመሆኑ ዕድል ጠባብ ነው። ወይ ከካርዲጋንሺር ነው፣ ወይ ከካርማርዘንሺር፣ ወይ ከሰሜን ዌልስ፣ ወይም ከእንግሊዝ። ቆጠራው ላይ «የትውልድ ቦታ» የሚለው ዓምድ መንደሩን ይነግርሻል። አንድ ሰው የሚደናበርበት ነገር ልንገርሽ። የልደት ማውጫው ላይ «ሮንዳ» ብለሽ ብትፈልጊ አታገኚም። የሮንዳ ልጆች የሚመዘገቡት በፖንቲፕሪድ ወረዳ ስር ነበር። አሮጌው ቆጠራ ላይ ደግሞ አጥቢያው «ኢስትራዲቮዱግ» ተብሎ ነው የምታገኚው። ይሄን ሳያውቅ «የሉም» ብሎ የተወ ሰው ብዙ ነው።

ከ1800 በፊት ያለውን የዌልስ ስም ጉዳይ ለእንግሊዛዊ ለማስረዳት ብዙ ይደክማል። ላንቺ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ ስማቸው እንደኛው በአባት ነበር የሚሄደው። ጆን ኢቫንን ቢወልድ ልጁ «ኢቫን አፕ ጆን» ነው። ኢቫን ቶማስን ቢወልድ «ቶማስ አፕ ኢቫን» ይሆናል። ለሴት ልጅ «ቨርህ» ይላሉ። ቋሚ የቤተሰብ ስም ከላይ ከባለርስቶቹ ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ታች ወረደ። በሰሜንና በምዕራብ ገጠር እስከ 1800ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የቆየበት አለ። ስሙ የቆመው በዚያ ትውልድ የነበረው አባት ማን ይባል ነበር በሚለው ላይ ነው። አባቱ ጆን የነበረ ሁሉ ጆንስ ሆነ። ስለዚህ ሁለት ጆንሶች ከአንድ መንደር ቢመጡ እንኳ ምንም ዝምድና ላይኖራቸው ይችላል። የ1790 መዝገብ ላይ «ጆንስ» ብለሽ ስትፈልጊ አባትየው «ኢቫንስ» ተብለው ከተገኙም አትደንግጪ። ልክ ናቸው።

ይሄው ልማድ ሌሎች ስሞችንም ወልዷል። «አፕ» የሚለው ከስሙ ጋር ተጣብቆ አፕ ሪስ ፕራይስ፣ አፕ ሃዌል ፓውል፣ አብ ኦወን ቦወን፣ አብ ኢቫን ቤቫን፣ አፕ ሃሪ ፓሪ ሆነዋል። ሴቶቹም እንደኛ አገር ሴቶች አግብተውም በአባታቸው ስም የሚጠሩበት ጊዜ ረጅም ነበር። የመቃብር ድንጋይ ላይ የሚስት ስም ከባል የተለየ ሆኖ ስታዪ ሁለተኛ ትዳር ነው ብለሽ አትቸኩዪ።

ታዲያ አምስት ጆን ጆንስ አንድ መንደር ውስጥ እንዴት ይለያሉ? በእርሻቸው ስም። የዌልስ ገጠር ሰው በቤቱ ስም ነው የሚታወቀው። ቆጠራው፣ የመቃብር ድንጋዩ፣ ኑዛዜውና ጋዜጣው ሁሉ የእርሻውን ስም ይጽፋሉ። ለጆንሶች ፍለጋ አንድ ማስታወሻ ደብተር ያዢና በየወረቀቱ ያገኘሽውን የቤትና የእርሻ ስም ብቻ ጻፊበት። ሁለት ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት የእርሻ ስም ያገኘሽ ቀን ቤተሰቡን ያዝሽው።

ሌላው መለያ ጸሎት ቤቱ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አብዛኛው የዌልስ አማኝ የመንግሥቱ አንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ሳይሆን ቻፕል ነበር የሚሄደው። ካልቪናዊ ሜቶዲስት፣ ባፕቲስት፣ ኢንዲፔንደንት የሚባሉት ናቸው። የትኛው እንደነበሩ አክስትየዋን ጠይቂ፤ ፍለጋውን ይለውጠዋል። ባፕቲስቶች ሕፃን አያጠምቁም፤ ስለዚህ የሕፃን ጥምቀት መዝገብ ስትፈልጊ ውለሽ ባዶ እጅሽን ትገቢያለሽ። ከ1837 በፊት የነበሩት የቻፕል መዝገቦች አብዛኛዎቹ ወደ ለንደን ተሰብስበው ዛሬ ኪው በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ናቸው። ከዚያ በኋላ ያሉት በየቻፕሉ ስለቀሩ አንዱ ይገኛል፣ አንዱ ጠፍቷል።

አበሪስትዊዝ የሚገኘው የዌልስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ላንቺ ሁለት ነገር አለው፤ ሁለቱም ቤትሽ ተቀምጠሽ በነጻ የምታዪው ነው። አንዱ ከ1858 በፊት በዌልስ የቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤቶች የጸደቁ ከ190,000 በላይ ኑዛዜዎች ናቸው። ትንሽ ገበሬ እንኳ «ለልጄ ለማርጋሬት አንድ ላም» ብሎ ይናዘዝ ነበር። ሁለተኛው እስከ 1919 ያሉት የዌልስ ጋዜጦች ናቸው፤ በቃል ይፈለጋሉ። የእርሻውን ወይም የጎዳናውን ስም አስገቢ እንጂ «ጆንስ» ብለሽ አትድከሚ። የቻፕል ሰው ሲሞት የሕይወት ታሪኩ በጋዜጣ ይወጣል፤ ብዙ ጊዜ በዌልስኛ ነው። የማዕድን አደጋ ሲደርስ ደግሞ የሟቾቹ ስምና አድራሻ ይታተማል። ጥቅምት 14 ቀን 1913 ሴንገኒድ ላይ 439 ቆፋሪዎች ያለቁበት ፍንዳታ የብሪታንያ ትልቁ የማዕድን አደጋ ነው። ትንንሾቹ ግን በየሳምንቱ ነበሩ፤ ጋዜጣውም አንድ በአንድ ይዘግባቸው ነበር።

አየርላንድ ላይ እንምጣ። ሰኔ 30 ቀን 1922 የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲጀመር ደብሊን ውስጥ ፎር ኮርትስ በተባለው ግቢ የነበረው ቤተ መዛግብት ተቃጠለ። ከ1821 እስከ 1851 ያሉት ቆጠራዎች ከቁርጥራጭ በቀር ጠፉ። ኑዛዜዎችና ከግማሽ በላይ የሚሆነው የፕሮቴስታንቱ የአየርላንድ ቤተ ክርስቲያን መዝገብም አብሮ ጋየ። በእሳቱ የማይሳበብ ጥፋት ግን አለ። የ1861ና የ1871 ቆጠራዎችን መንግሥት ራሱ አስቀድሞ አስወግዷቸው ነበር። የ1881ና የ1891ዱ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለወረቀት ተፈጭተዋል። በዚህ መዝገብ ላይ ዕድሜዬን የፈጀሁ ሰው ነኝና ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አሁን ያልተቃጠለውን ስሚ። የካቶሊክ አጥቢያዎች መዝገብ በየካህናቱ እጅ ስለነበር እዚያ አልነበረም። የወሳኝ ኩነት መዝገቡም ሌላ ቢሮ ስለነበር ተርፏል። የ1901ና የ1911 ቆጠራዎች ሙሉ በሙሉ አሉ። የባለቤትሽ ቅድመ አያት ደግሞ በ1888 ገደማ የተወለዱ ካቶሊክ ናቸው። የሚያስፈልጉሽ ሦስቱም አሉልሽ።

የጎደለሽ አንድ ነገር ነው፤ ኮርክ ውስጥ የት? ኮርክ የአየርላንድ ሰፊው ካውንቲ ነው። ሱሊቫን ደግሞ እዚያ ማለት ዌልስ ላይ ጆንስ ማለት ነው። በዚያ ላይ አየርላንድ ከ60,000 በላይ «ታውንላንድ» በሚባሉ ትንንሽ ቀበሌዎች የተከፋፈለች ናት። የዌልስ ቆጠራ ብዙ ጊዜ የትውልድ ቦታ ላይ «አየርላንድ» ብሎ ያልፋል። ስለዚህ መልሱን መጀመሪያ ካርዲፍ ላይ ፈልጊው።

የካቶሊክ ጋብቻቸውን አግኚ። የመንግሥቱ ወረቀት ሳይሆን የቤተ ክርስቲያኑ መዝገብ። ምክንያት አለኝ። ከ1908 ፋሲካ ጀምሮ በወጣ የቤተ ክርስቲያን ሕግ ካህኑ የሁለቱን መጋባት እያንዳንዳቸው ክርስትና ወደተነሡበት አጥቢያ ማሳወቅ ነበረበት። እዚያ ያለው ካህንም ከክርስትናው መዝገብ ጎን ጋብቻውን ይጽፋል። እነሱ ያገቡት በ1911 ገደማ ነው ብለሻል። እንግዲህ ካርዲፍ ያለው መዝገብ የኮርኩን አጥቢያ ስም ይዞ ሊሆን ይችላል። በመንግሥቱ ወረቀት ላይ የቤተ ክርስቲያኑን ስም አይተሽ ለአጥቢያው ጻፊ። በትሕትና ጻፊ፤ ቢሮው ውስጥ ያለችው አንድ ሰው ብቻ ልትሆን ትችላለች።

ቆርቆሮውንም እንደገና ገልብጪው። ከፎቶዎቹ መሀል ጥቁር ጠርዝ ያለው ትንሽ ካርድ፣ ጸሎትና የሟች ስም የታተመበት አለ? የካቶሊክ የሙት መታሰቢያ ካርድ ነው። በጸሎት መጽሐፍ ውስጥ ይቀመጥ ነበር። ሟቹ የሞተበት ቀንና ብዙ ጊዜ የመንደሩ ስም አለው። ከአየርላንድ ተልኮ ከሆነ ፍለጋሽ ግማሹ አለቀ። አሜሪካ የሄደ ወንድም ወይም እህት ካላቸውም የእሱን ወረቀት ፈልጊ። ከምዕራብ ኮርክ ከቤራ ብዙ ሱሊቫኖች የመዳብ ማዕድን ለመሥራት ሞንታና ቢዩት ድረስ ሄደዋል። የመንደራቸውን ስም የመቃብር ድንጋያቸው ላይ ያስቀረጹም አሉ።

ቦታው ከታወቀ በኋላ ያለው ደስ የሚል ሥራ ነው። በአየርላንድ የሁሉም ሰው ልደት፣ ጋብቻና ሞት መመዝገብ የጀመረው ጥር 1 ቀን 1864 ነው። (ካቶሊክ ያልሆኑ ሰዎች ጋብቻ ከ1845 ጀምሮ አለ።) የመንግሥቱ የዘር ሐረግ ድረ ገጽ 100 ዓመት ያለፋቸውን ልደቶች፣ 75 ያለፋቸውን ጋብቻዎች፣ 50 ያለፋቸውን ሞቶች የመዝገቡን ምስል ጭምር በነጻ ያሳያል። የካቶሊክ መዝገቦችን ደግሞ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ በ2015 በነጻ ለቋቸዋል፤ አብዛኛዎቹ እስከ 1880 ድረስ ናቸው። የክርስትና አባትና እናት ስም ስላለባቸው ለሐበሻ ዓይን እንግዳ አይሆኑም። እነሱ ብዙ ጊዜ አክስትና አጎት ናቸውና አንድም እንዳይቀር ገልብጪ።

ስማቸው በላቲን ሊጻፍ ይችላል። ጄምስ ያኮቡስ፣ ዊሊያም ጉሊየልሙስ ይሆናል። ሆኖራ የተባለች ሴት ሌላ ቦታ ኖራ ናት፤ ብሪጅት አንድ ቦታ ላይ ቢዲ፣ ሌላ ቦታ ላይ ዲሊያ ትባላለች። ኮርክ ውስጥ ጄረማያና ዳርቢ አንድ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ። ሱሊቫንና ኦ’ሱሊቫንን ደግሞ እንደ አንድ ቁጠሪያቸው።

የ1901ና የ1911 ቆጠራ ቅጾች ላይ ረጋ በይ። የቤቱ አባወራ ራሱ የሞላው ወይም በፊርማው ምትክ ምልክት ያደረገበት ወረቀት ነው የሚታይሽ። ሌላ ቅጽ ላይ የቤቱ ግድግዳ ከምን እንደሆነ፣ ጣራው ሣር ይሁን ሌላ፣ ከፊት ስንት መስኮት እንዳለው አለ። ሦስተኛው ቅጽ የላም ጋጣና የአሳማ ቤት ይቆጥራል። ፎቶ የሌለውን ቤት በዓይንሽ ታዪዋለሽ።

እዚያው አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ያጋጥምሻል። በ1901 የ56 ዓመት የነበሩ ሴትዮ በ1911 የ71 ይሆናሉ። ሁለት ሰው እንዳይመስሉሽ። ከጥር 1909 ጀምሮ 70 ዓመት ለሞላው ድሃ የመንግሥት ጡረታ መከፈል ጀመረ፤ በሳምንት እስከ 5 ሽልንግ። እነዚህ ሰዎች ከ1864 በፊት ስለተወለዱ የልደት ወረቀት የላቸውም። ዕድሜያቸውን እርግጠኛ ሆኖ የሚያውቅ ራሱ ጥቂት ነበር። ታዲያ ማስረጃው ከየት ይምጣ? ጸሐፊዎቹ በ1841ና በ1851 ቆጠራ ላይ እንደ ልጅ ተመዝግበው እንደሆነ ያጣሩላቸው ነበር። የማጣሪያ ቅጾቹ ዛሬም አሉ፤ የአየርላንድ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት በነጻ አውጥቷቸዋል። ቆጠራው ቢቃጠልም ከእሱ የተገለበጠው ተርፏል ማለት ነው። የቅድመ አያትየው አያት ጡረታ ጠይቀው ከሆነ በ1840ዎቹ በአየርላንድ ታላቅ ረሃብ ዘመን የነበረው ቤተሰብ ስም ዝርዝር ሊወጣልሽ ይችላል።

ከዚያ ወደ ኋላ የሚወስደው የግሪፊዝ ግምት የሚባለው ነው። ከ1847 እስከ 1864 በመላው አየርላንድ ለግብር ሲባል የተደረገ የመሬትና የቤት ምዝገባ ነው። ጭሰኛው ማን እንደሆነ፣ ባለርስቱ ማን እንደሆነ፣ በካርታው ላይ የትኛው ቁራሽ መሬት እንደሆነ ያሳያል። ከረሃቡ በፊት ላለው ከ1823 እስከ 1837 የተሠራ የአሥራት መጽሐፍ አለ። በ2022 ቃጠሎው 100 ዓመት ሲሞላው ደግሞ በትሪኒቲ ኮሌጅ የሚመራ ቡድን ከሌሎች አገሮች ቤተ መዛግብት ቅጂ እየሰበሰበ የጠፋውን በኮምፒውተር የሚተካበትን ድረ ገጽ ለሕዝብ ከፍቷል። የአየርላንድ ቆጠራ የሚከፈተው ከ100 ዓመት በኋላ ስለሆነ የ1926ቱም ተራው 2026 ላይ ነው።

አሁን ፎቶዎችሽ።

የመጀመሪያው፣ ወፍራም ጥቁር ካርቶን ላይ የተለጠፈው፣ ጠርዙ በሰያፍ ተቆርጦ በወርቅ ቀለም የተቀባው። መጠኑ 11 በ16 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከሆነ ካቢኔት ካርድ የሚባለው ነው። ይሄ መጠን ከ1860ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት አካባቢ ነበር። የወርቅ ጠርዝና ጥቁር ካርቶን ግን የ1880ዎቹና የ1890ዎቹ ፋሽን ነው። ቁርጡን የሚነግርሽ የሴትየዋ እጅጌ ነው። ትከሻ ላይ እንደ ፊኛ ተነፍቶ ከክርን በታች የጠበበ ነው። ያ እጅጌ በጣም የሰፋው በ1895 ግድም ሲሆን ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ ቀረ። ስለዚህ ፎቶው ከ1893 እስከ 1897 ነው ብልሽ ብዙ አልስትም። ሴትየዋ ከ25 እስከ 30 ዓመት ይሆናቸዋል። ቤተሰቡ «የአየርላንዷ ቅድመ አያት» እያለ ሲያሳያቸው ከነበረ ተሳስቷል፤ እሳቸው ያኔ የ7 ዓመት ልጅ ነበሩ። ከታች የካርዲፍ ፎቶ ቤት ስም አለ። ፎቶ ቤቱ በዚያ አድራሻ ከመቼ እስከ መቼ እንደነበረ በየዓመቱ ይታተም ከነበረው የከተማው የነጋዴዎች ዝርዝር ታገኛለሽ። ካርዲፍ ያለው የግላሞርጋን ቤተ መዛግብት ሄደሽ ጠይቂ። እኔ የጆንስ ወገን ይመስሉኛል፤ የሚያረጋግጠው ግን አድራሻው ነው።

ሁለተኛው ወታደሩ። ፖስት ካርድ ነው፤ ጀርባው መሀል ለመሀል በመስመር ተከፍሏል። በብሪታንያ መልእክትና አድራሻ በአንድ ጀርባ ላይ መጻፍ የተፈቀደው በ1902 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ነው ማለት ነው። የቆቡ ላይ ምልክት ሦስት ላባ ይመስላል፤ የዌልሽ ሬጅመንት ምልክት እንደዚያ ነው። ግራ እጁ ላይ፣ ከእጅጌው ጫፍ ከፍ ብሎ፣ ቀጥ ያለች አጭር መስመር ትታያለች። አጉልተሽ እያት። የቁስለኛ ምልክት ናት፤ የተጀመረችው በ1916 ነው። እንግዲህ ይሄ ሰው ቆስሎ ተመልሶ፣ ሆስፒታል ወይም እረፍት ላይ ሆኖ የተነሣው ፎቶ ነው። የጦሩ የግል ፋይሎች 60 በመቶ ያህሉ መስከረም 1940 በጀርመን ቦምብ ተቃጥለዋል። የሜዳልያ ካርዶቹ ግን ተርፈዋል። ስሙን ካገኘሽ ከዚያ ጀምሪ። አየርላንዳዊ ሊሆን አይችልም እንዳትይ፤ የካርዲፍ አየርላንዳውያን ልጆችም በዌልስ ሬጅመንቶች ዘምተዋል።

ሦስተኛው ወንበር ላይ የቆመው፣ ነጭ ቀሚስ የለበሰው ሕፃን። «የአማቴ አክስት» ብለሽ ጽፈሽልኛል። ፀጉሩን እዪው። የተከፈለው በጎን ነው። በዚያ ዘመን ወንድ ልጅ እስከ 4 እና 5 ዓመቱ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ቀሚስ ይለብስ ነበር። የሴት ልጅ ፀጉር አብዛኛውን ጊዜ መሀል ለመሀል፣ የወንድ በጎን ይከፈላል። እርግጠኛ መሆን አይቻልም፤ እኔ ግን ወንድ ነው እላለሁ። በቆጠራው ላይ የዚያ ዕድሜ ወንድ ልጅ ያለበትን ቤት ፈልጊ። ማንም ሳያነሳው የቀረ፣ በልጅነቱ የሞተ ልጅ ሊሆንም ይችላል።

በቀሩት ላይ ሁለት ነገር ተጠንቀቂ። ረጅም ጥቁር ባርኔጣ ያደረጉ የዌልስ ሴቶች ፎቶ ካለ ወዲያው አያት አታድርጊያቸው። እንዲህ ያለው ለጎብኚ የሚሸጥ ካርድ ነበር፤ ባርኔጣውም የፎቶ ቤቱ ንብረት ሊሆን ይችላል። ትንንሾቹ፣ 6 በ10 የሚሆኑት ካርዶች ውስጥም የንግሥት ቪክቶሪያና የታዋቂ ሰባኪ ፎቶ ይገኛል። ሰው ገዝቶ ከቤተሰቡ ፎቶ ጋር ያስቀምጥ ነበር።

ሁሉንም ፊትና ጀርባ ስካን አድርጊ፤ የምስሉ ጥራት 600 ዲፒአይ ከሆነ ይበቃል። ጀርባው ላይ የምትጽፊው በለስላሳ እርሳስ እንጂ በእስክሪብቶ አይሁን። ፕላስተር አትለጥፊ፣ ላሚኔት አታስደርጊ። ቆርቆሮው ውስጥ የነበሩበትን ቅደም ተከተል ከማናጋትሽ በፊት ፎቶ አንሺው። አንድ ክር የታሰሩ ፎቶዎች ብዙ ጊዜ ከአንድ ቤት የመጡ ናቸው።

ኢንተርኔት ላይ የሌላ ሰው ያዘጋጀው የዘር ሐረግ ታገኛለሽ። እንደ ፍንጭ ያዢው እንጂ እንዳለ አትገልብጪው። አንዱ የተሳሳተውን ሌላው እየቀዳ መቶ ቦታ የተደገመ ስህተት አለ። «የሱሊቫን ቤተሰብ አርማ» ብለው የሚሸጡልሽንም አትግዢ። አርማ የሚሰጠው ለሰው እንጂ ለስም አይደለም።

የዘረመል ምርመራ ካሰባችሁ አክስትየው በእናቱ በኩል ከሆኑና ፈቃደኛ ከሆኑ ከባለቤትሽ ይልቅ የእሳቸው ይሻላል። አንድ ትውልድ ወደ ምንጩ ይቀርባሉ። «ይህን ያህል በመቶ አየርላንዳዊ» የሚለውን ቁጥር እርሺው፤ አጥቢያ አይነግርሽም። የሚጠቅምሽ ከእሳቸው ጋር የሚገጥሙ የሩቅ ዘመዶች ዝርዝር ነው። ከእነሱ መሀል የመንደራቸውን ስም የሚያውቅ አንድ ሱሊቫን ሊኖር ይችላል።

አሁን በቅደም ተከተል ስዋንዚ ሂጂ፣ የ1911ዱን የጋብቻ ወረቀት እዘዢ፣ ከዚያ ለቤተ ክርስቲያኑ ጻፊ። ወረቀቱ ሲደርስሽ የሁለቱን ምስክሮች ስምና የወታደሩን ፖስት ካርድ ጀርባ አንስተሽ ላኪልኝ። ምስክሮቹን በ1911 የካርዲፍ ቆጠራ ላይ አብረን እንፈልጋቸዋለን።